አብሳሎም የተቀበለው ይቅርታ

አብሳሎም ኤርሲዶን የማያውቅ የጅማ ሹፌር ካለ መኪናው ገና አልተበላሸችበትም ማለት ነው። ጋራዡ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። በወጣትነቱ ከዱራሜ መጥቶ እዚሁ ሸብቷል። እሁድ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ በሌላው ቀን የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። "ዶክተር፣ በሽተኛው ምን አለ?" እያልኩ አሾፍበታለሁ። እኔ ረሺዳ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ የመኪና ዕቃ ስሸጥ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከደንበኞቼም እንደ እሱ የቆየ የለም።

ኩራቱ እጁ ነበር። ሌላው መካኒክ ቡሎን ሲያስር መጠን በሚያሳይ ቁልፍ ይለካል። አብሳሎም ግን "እጄ ሚዛን ነው" ይላል፤ እኛም አምነን ተቀብለነው ኖረናል።

ሌላው ነገሩ ማስተማር ይወዳል። ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ ቢየላውን፣ ከፍ አድርጎ ይይዝና ይጀምራል። "አሮጌ ናፍጣ ሞተር ዱላው ከባድ ነው፤ ያን ሁሉ የሚችለው ይሄ ነው። አራት ነገር ይገድለዋል። አንድ፣ ዘይት ሲያልቅ ወይም ሲያረጅ ብሮንዚኑ፣ ቢየላው የሚዞርበት ስስ ቀለበት፣ ይነድዳል፣ ብረቱም ይጠቁራል። ሁለት፣ ወንዝ ስትሻገር ሞተሩ ውሃ ከሳበ፣ ውሃ አይታመቅምና ቢየላው ይጎብጣል፤ ዛሬ ቢነሳም አንድ ቀን ይሰበራል። ሦስት፣ ቁልቁለት ላይ በትንሽ ማርሽ ሞተሩን ስታስጮኸው። አራት፣ ቡሎኑ። አንዴ የተለጠጠ ቡሎን መጣል ነው እንጂ ተመልሶ አይታሰርም።" እኔ ራሴ ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር የሃጂ ሱሌይማን አሮጌ ፒካፕ ሞተሯ ተፈትቶ እሱ ጋ ነበረች። ከጌራ እሸት ቡና የምታመላልሰው እሷ ናት፤ እሸት ደግሞ ካደረ ይበላሻል፣ በዕለቱ መፈልፈያ መድረስ አለበት። ሃጂ ጠዋትና ማታ እየደወሉ አጣደፉት። አብሳሎም የቢየላ ቡሎን ፈልጎ ሱቄ መጣ። አልነበረኝም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል አልኩት። አሮጌዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። ሁለቱ አንገታቸው ቀጥኗል፤ እኔ እንኳ በዓይኔ አየሁት።

"እነዚህማ አልቀዋል" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ግን ቡናው ሦስት ቀን ይጠብቀኛል? እጄን አምነዋለሁ።" በጨርቅ ጠቅልሏቸው ሄደ።

በአሥረኛው ቀን ከአጋሮ ወዲህ ዳገት ላይ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። ዘይቱ ግን በቀዳዳው ፈሶ አለቀና ሃጂ ደርሰው የዘይት መለኪያውን ሲመዙት ደረቅ ነበር። "ዘይት ሳያይ ነው የነዳው!" ብለው አሥራ አንድ ዓመት ባገለገላቸው ሹፌር በአብዱልሃዲ ላይ ጮኹ። አብዱልሃዲ ደግሞ "ጥፋቱ የመካኒኩ ነው" አለ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

ከሽምግልናው በፊት የዘይት ማጣሪያ ላደርስ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ከተሰበረው ቢየላ የወጣው ብሮንዚን ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አልነደደም፣ አልጠቆረም፣ ያበራል። አጠገቡ ከአንገቱ የተበጠሰ ቡሎን። አብሳሎም ሳየው አየኝ። ማጣሪያውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ሃጂ ግቢ ተቀመጡ። የሃጂ ባለቤት ዘመዴ ናትና እኔም ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ነበርኩ። አብዱልሃዲ እጁን ቁርዓን ላይ አድርጎ ማለ፦ "ወላሂ፣ ያን ቀን ጠዋት ዘይቱን አይቻለሁ፣ ሙሉ ነበር።"

ትልቁ ሽማግሌ ወደ አብሳሎም ዞሩ። "አንተ ባለሙያ ነህ ልጄ። ቢየላ የሚሰበረው በምንድን ነው?"

አብሳሎም መሬት መሬት እያየ ቆጠረ። ዘይት ሲያልቅ። ውሃ ሲገባ። ሞተር ሲጮኽ። ሦስት ብቻ ቆጥሮ አቆመ።

ሽማግሌዎቹ በመለኪያው ድርቀትና በአብሳሎም ቃል ፈረዱ። አብዱልሃዲ ሥራውን ይልቀቅ፣ የሰው ሙያ ስላጎደፈም ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። "ማሎ አባ፣ እኔ እኮ ምያለሁ" ብሎ ለመነ። "ለሰላም ነው ልጄ፣ እሺ በል" አሉት። ሄዶ ጎንበስ ብሎ የአብሳሎምን ትከሻ ሳመ። "አፉ በለኝ" አለው።

አብሳሎም "ይቅር ብዬሃለሁ" አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ተናገሪ ቢሉኝ አልናገርም ነበር፤ ሱቄን አቁሞ የያዘው እሱ የሚልክልኝ ደንበኛ ነው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

አብዱልሃዲ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አብሳሎም መዘመሩን ተወ፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። በመጋቢት አንድ ቀን ሱቄ ቆሞ ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ሲመርጥ፣ እኔ እንደ ወሬ አድርጌ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ብቻዬን መሸከሙ ከብዶኝ፣ ነገርኩት። የሰፈራችን መስጊድ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ሲመረጥ የአብዱልሃዲ ስም ተነስቶ፣ አንዱ "በቁርዓን ምሎ መልሶ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው፣ መሐላው ውሸት ነበር" ብሎ አስቀርቶታል።

አብሳሎም ቺንጋውን አስቀመጠ። "ሥራ ብቻ ያጣ መስሎኝ ነበር" አለ። "መሐላውን ነው የቀማሁት? ረሺዳ፣ ያኔ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"ኤዬ፣ አውቅ ነበር" አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኙንም ሽማግሌዎች እንደገና እንዲሰበሰቡ ለመነ፤ ሁሉም እስኪገኙ ሦስት ጁምዓ ጠበቀ። በተሰበሰቡ ጊዜ እዚያው ሃጂ ግቢ፣ ሃጂም አብዱልሃዲም ባሉበት ቆመ። "የተለጠጠ ቡሎን መሆኑን እያወቅሁ አሰርኩት። ተበጥሶ ሳገኘው ደበቅሁት። የአብዱልሃዲ መሐላ እውነት ነው። እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ይቅርታ እሱ ጠየቀኝ፣ እኔም ተቀበልኩ።" ከዚያ አብዱልሃዲ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አብዱልሃዲ በሁለት እጁ ያዘው።

ትልቁ ሽማግሌ አቀረቀሩ። አላግባብ መፍረዳቸው እሳቸውንም አሳፍሯቸው ነበር። በመጨረሻ ቀና ብለው "ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር? ያን ቀን እዚህ ተቀምጦ ዝም ያለ አለ?" ብለው ጠየቁ።

እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። አብሳሎም አንገቱን ደፋ እንጂ ስሜን አልጠራም። አፌን ልከፍት ብዬ ሃጂን አየሁ፣ ዘመዴን አየሁ፣ ነጠላዬን አጥብቄ ያዝኩና ዝም አልኩ። አብዱልሃዲ ግን ዞሮ አየኝ። እኔም እንደማውቅ ያውቅ ኖሯል።

"ማሎ አባ፣ ይብቃ" አለ። "ሌላ ሰው አይፈር።"

ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ እጄን መዘርጋት አቃተኝ።