ደባርቅን እያየን አለፍናት

ጳጉሜን ሁለት፤ ጎንደር፣ ጎህ ሲቀድ

በደርግ ዘመን ከጎንደር ደባርቅ መሄድ ምንም ችግር አልነበረውም። የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ወረቀቱን የሚፈርም ሊቀመንበር፣ ሊቀመንበሩን ከስብሰባ አስጠርቶ የሚያስፈርም ዘመድ ካለህ የሚቀርህ መኪና ብቻ ነው። እኔ ሁሉም ተሟልቶልኝ ጋቢዬን ተከናንቤ መናኸሪያ ደረስኩ። ዝናቡ ያካፋል። ሎንቺናዋ፣ ያቺ ከእኔ የምትበልጥ አሮጌ አውቶቡስ፣ ጣሪያዋ ላይ ቆርቆሮ፣ የሽንኩርት ጆንያና አንድ የታሰረ በግ ተጭኖባት እያጓራች ትጠብቃለች።

"ደባርቅ መቼ እንገባለን?" አልኳቸው ሾፌሩን፣ ጋሽ ዘለቀን።

"እግዜር ካለ ለምሳ፤ ሎንቺናዋ ካለች ለእራት" አሉና ጥርሳቸውን በመፋቂያ መፋቅ ቀጠሉ።

ጎንደር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደባርቅ ያለው አብሮ አደጌ ደሳለኝ ወንድ ልጅ ወልዶ ክርስትና እንዳነሣለት ጠርቶኛል። ነገ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጁ አርባ ቀኑ ይሞላል። ወንድ በአርባ ቀኑ እንደሚጠመቅ የማያውቅ የለም። የደሳለኝና የሚስቱ የእናኑ ነገር ግን የብቻው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው አርባው ሳይሞላ፣ ደኅና ጠብቶ ተኝቶ፣ ሲነጋ ሞቶ ተገኘ። ክርስትና አልተነሣምና ፍትሐት የለ፣ ምን የለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበሩት። አሁን ሁለተኛው ተወልዶ ያስላል። እናኑ ሌሊቱን ሙሉ መዳፏን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ስትጠብቅ ታድራለች። ደሳለኝ ይህን ሲያጫውተኝ ነገሩን ሳቅ ሊያስመስለው ሞክሮ አልሆነለትም።

ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ ታደለ ናቸው፤ ልጁን የሚያጠምቁት እሳቸው። የደባርቁ ሜሮን አልቆባቸው ጎንደር ድረስ መጥተው ተቀብለዋል። ያለ ሜሮን ጥምቀት የለምና ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋታል። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር እጃቸው ወደዚያው ይሄዳል። እንግዲህ ቄሱም፣ ሜሮኑም፣ የክርስትና አባቱም፣ በገዛ እጄ የሰፋሁት ነጭ ቀሚስም ሎንቺናዋ ላይ ነን። ከልጁ በቀር የቀረ የለም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ ላይ

ኬላ። ሁላችንም ወርደን በዝናብ ተሰለፍን። መሣሪያ የያዘው ፈታሽ ከረጢቴን ከፍቶ ቀሚሷን አወጣት፤ ገለበጣት፣ እጅጌዋን በጣቱ መዘነ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የሕፃን ቀሚስ።"

"ላንተማ አይበቃህም" አለኝ፤ ምርመራውም በዚህ ተጠናቀቀ። በጉን ግን ከጣሪያ አስወርዶ አየው። በጉም አየው።

አንዲት ሴት የተቀቀለ ባቄላ በስኒ አሥር ሳንቲም ትሸጣለች። የሽንኩርቱ ጆንያ ባለቤት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ የደባርቅ ነጋዴ፣ ገዝተው ለእኔና ለቄሱ ዘገኑልን። ገበያው በጭቃ ተለውሷል፤ ገብሱ ከዝናብ በሸራ ተሸፍኗል፤ ከሸራው በላይ "ሁሉም ወደ ምርት!" የሚል ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ውሃ ጠጥቶ ታጥፏልና የሚነበበው "ሁሉም ወደ" ብቻ ነበር። ወደየት እንደሆነ ከሰዓት በኋላ ገባኝ።

ዳባት፣ እኩለ ቀን

ዳባት ላይ ሻይ ጠጣን፤ የዳባት ሰዎች ወረዱ፤ አንድ ተቆጣጣሪ ተሳፈረ። ካኪ ኮት፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት። "ጓድ ተቆጣጣሪ" እንበለው፤ እሱም በሌላ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። በሩ ሥር ቆሞ ምንም ሳይናገር ከተማው ከኋላችን እስኪሰወር ጠበቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

"የደባርቅ መናኸሪያ ለአብዮቱ በዓል ክብር በጥገና ላይ ስለሆነ፣ ከመናኸሪያ ውጭ ተሳፋሪ ማራገፍ ደግሞ የተከለከለ ስለሆነ፣ የደባርቅ ተሳፋሪዎች አዲ አርቃይ ይወርዳሉ።"

አዲ አርቃይ ማለት ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ፣ ቆላ ነው። ወደ ቤትህ ስትሄድ ቤትህን አልፈህ ገደል ውረድ እንደ ማለት ነው።

"ምነው ታዲያ ዳባት ሳለን ብትነግረን!" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

"ማስታወቂያው ለደባርቅ ተሳፋሪዎች ይነበብ ነው የሚለው፤ ዳባት ላይ የዳባት ተሳፋሪዎችም ነበሩ። እነሱን አይመለከትም።"

"እሺ አሁን አውርደን፤ የቀረውን በእግራችን እንሄዳለን።"

"እዚህ መናኸሪያ ይታይሻል?"

ወይዘሮዋ በመስኮት ተመለከቱ። አንዲት ላም ነበረች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ቄስ ታደለ ቀስ ብለው፣ እንደ አገሬው አረጋዊ ቃሉን እያጣጣሙ፣ "ልጄ፣ ነገ የማጠምቀው ሕፃን አለኝ፤ አርባ ቀኑ ነው" አሉት። ጓድ ተቆጣጣሪ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ።

"ስለ ሕፃን የሚል የለም፣ አባ" አለ። በትሕትና ነው ያለው፤ አይታማም።

ደባርቅ፣ በመስኮት

ደባርቅ ገባን። ገባን ማለቴ ጎማው ገባ። መናኸሪያው በገመድ ታጥሯል፤ የጠጠር ክምር፣ አንድ አካፋ፣ የመንገድ ዳር ድንጋዮችን ኖራ የሚቀባ አንድ ሰው። ዝናቡ ከኋላው እየተከተለ ያጥብለታል፤ እሱም ተመልሶ ይቀባል። በዚህ አያያዙ ለመስከረም ሁለቱ በዓል አይደርስም።

ደሳለኝ ጃንጥላ ይዞ ገመዱ አጠገብ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ መኪናዋ ሳትቆም ስታልፍ ደግሞ ጃንጥላውን ጥሎ ሮጠ።

"ውረድ እንጂ! ምን ነካህ?"

"አይቆምም! መናኸሪያው ዝግ ነው!" አልኩት ግማሽ ሰውነቴ በመስኮት ወጥቶ።

"እና ምን ይጠበስ? እዚሁ ያውርዷችሁ!"

ከኋላ አንዱ "ብልቃጡን ወርውሩለት!" ብሎ ጮኸ። ቄስ ታደለ ዞረው ሲያዩት ቃሉን ዋጠ። ሜሮን ይወረወራል እንዴ? ደሳለኝ ትንፋሽ እያጠረው መስኮቱን ይዞ፣ "ሌሊቱን አልተኛችም፤ ሳሉ ብሶበታል። ነገን እንዳታሳልፉብኝ፣ በሞቴ!" አለኝ። እጁ ተንሸራተተ፤ ወደ ኋላ ቀረ። ጭቃ ላይ ቆሞ ሲያየን፣ እኔ ያልለመድኩት ቁጣ ያዘኝ። ጓድ ተቆጣጣሪ ደጁን በክንዱ ዘግቶ፣ "ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ቁልቁለት ነው" አለን። ለደኅንነታችን ማሰቡ ደስ ይላል።

ሊማሊሞ እንደሚወራለት ነው፤ ግን በዚያ ቀን ጉም ስለነበር ገደሉን አላየሁትም። ላለማየቴ ግን አልተደሰትኩም። ጋሽ ዘለቀ በየጠምዛዛው ያማትባሉ፤ በሚያማትቡበት ጊዜ መሪውን የሚይዝ የለም።

አዲ አርቃይ፣ አመሻሽ

ጋቢ ለብሰን ተነሥተን ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ውስጥ ወረድን። የመናኸሪያው ኃላፊ የይለፍ ወረቀቴን አየ።

"ይህ ደባርቅ ነው የሚል። አዲ አርቃይ ምን ታደርጋለህ?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።"

ነገ ጠዋት ያቺው ሎንቺና ትመልሰናለች። የት? ወደ ቅርቡ ክፍት መናኸሪያ፣ ዳባት። ደባርቅን ዳግመኛ በመስኮት አይተን ማለት ነው። ከዳባት በእግር ተመልሰን ደባርቅ እስክንገባ ቀኑ ያልቃል፤ ቅዳሴው ያልፋል፤ የልጁ አርባ ያልፋል። ዛሬውኑ ሊማሊሞን በእግር እንውጣው እንዳንል የሰዓት እላፊው አለ፤ ሰዓት እላፊ የማይመለከተው ጅብም አለ።

ልናድርባት በገባንባት ምግብ ቤት ሽሮ ቀረበልን። ሁለቱ የቤቱ ሴቶች በትግርኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱት ጨዋታ አላቸው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እሰማቸው ነበር። ለጋሽ ዘለቀ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ የፊተኛውን ልጅ፣ የእናኑን መዳፍ፣ ሳሉን። ጉርሻቸውን አላቋረጡም።

"እኔ የማቆም ሥልጣን የለኝም" አሉ። "ያቆመ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ አምስት ልጆች አሉኝ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

ቆይተው ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ከመንገዱ ይርቃል?"

"በሩ መንገዱን ያያል፣ ልጄ።"

"እህ" አሉና ውሃ ጠጡ።

ጳጉሜን ሦስት፤ ሊማሊሞ ሽቅብ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጓድ ተቆጣጣሪ ወረቀቱን ይዞ በሩ ሥር ቆሟል። ሎንቺናዋ ገደሉን እንደ ሽማግሌ እያረፈች ወጣችው። ደጋው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ የደባርቅ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው በየደጃፉ ይዘላሉ፤ እናቶች ጋን ሳይቀር ደጅ አውጥተው ውሃውን ያቁራሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ስንደርስ ሎንቺናዋ ሁለት ጊዜ ሳለችና ጸጥ አለች።

"ማን አቁም አለህ?" አለ ጓድ ተቆጣጣሪ።

"እኔ መቼ አቆምኩ? እሷ ናት የቆመች" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው።

ጓዱ ወረቀቱን ገለጠ። ስለ ማራገፍ ተጽፏል፤ ስለ መጫን ተጽፏል። ስለ ብልሽት አንድ ቃል የለም። ምስኪን፣ እንዲያ ሲጨነቅ ያዘንኩለት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ለመግፋት ሁሉም ይውረድ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ የሞተሩን ኮፈን ከፍተው አንገታቸውን ውስጥ እየቀበሩ። "አረጋዊ አይገፋም! ቄስ አይገፋም! ልብስ ሰፊም አይገፋም፣ እጁ ለሥራው ነው!"

ወርደን ወደ በሩ ሮጥን። ዘወር ስል ጓድ ተቆጣጣሪ ኮቱን አውልቆ ትከሻውን ከሎንቺናዋ ቂጥ ላይ አስደግፎ ይገፋል። የሩፋኤል ጠበል ከራሱ እስከ እግሩ ይወርድበታል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጎኑ ሆነው "በርታ፣ የኔ ልጅ፣ በርታ!" ይሉታል፤ እሳቸው እጃቸውን ከማሳረፍ በቀር አይገፉም። ጋሽ ዘለቀም የእጅ ፍሬኑን አልለቀቁም።

ደሳለኝና እናኑ ከሌሊት ጀምረው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበሩ። እናኑ ስታየን ልጁን አንሥታ ሰጠችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች። ቄስ ታደለ ብልቃጧን ከብብታቸው ሲያወጧት በሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም እጃቸው ነፃ ሆነ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ተጠመቀ፤ ከውሃው አነሣሁት። ምንም አይከብድም። ፊቱ ቀላ፣ አፉ ተከፈተ፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላው። ሜሮን ተቀባ፤ ማተቡ ታሠረለት፤ ስሙም ኃይለ ሩፋኤል ተባለ። ደሳለኝ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሴት፣ እንደ ሕፃን፣ ምን አለፋችሁ፣ እንደ ራሱ አለቀሰ። እኔም አልቀረልኝም።

ቀሚሷን ላለብሰው ስል ጡሩንባ ተነፋ። ጓድ ተቆጣጣሪ ከበሩ ውጭ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ወደ ውስጥ አልገባም።

"ጓዶች፣ ተሳፈሩ። ሞተሩ ተነሥቷል።"

"ደርሰናል እኮ!" አልኩት። "እንሂድ የምትለን ወዴት ነው? ቤቱ ያው!"

"ደባርቅ አልደረሳችሁም። መናኸሪያው ዝግ ነው።"

ይህን ሲለኝ ደባርቅ መሬት ላይ፣ በደባርቅ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ ቆሜ ነበር። ቄስ ታደለን ለቅዳሴ አስቀራቸው፤ "እሳቸውን አላየሁም" አለ። እኔን ግን አይቶኛል። ልጁን ከነቀሚሱ ለእናቱ ሰጥቼ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ የክርስትና አባት ተብዬ ተሳፈርኩ። ቁጣዬን እየዋጥኩ ብዙ እንደሄድን ጓዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ልጁ አለቀሰ?"

"ጮኸ እንጂ!"

"ደግ ነው" አለ፤ ቀጥ ብሎም ወደ በሩ ተመለሰ።

ዳባት፣ ከዚያም በእግር

ዳባት በሕግና በሥርዓት ተራገፍኩ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሽንኩርታቸው ጋር እዚያው ቀሩ። ፊቴን ወደ መጣሁበት አዙሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሲጥል፣ ደባርቅ ዳር ስደርስ ከብቶች እየገቡ ነበር። ድንጋዩን የሚቀባው ሰውዬ አሁንም እየቀባ ነው። "ከየት?" አለኝ። "ከዚሁ" አልኩት።

ደሳለኝ ደጁ ላይ ተቀብሎኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገባሁ። ልጁ ነጯን ቀሚስ ለብሶ፣ መደቡ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል፤ አልፎ አልፎ ያስላል፤ ከዚያ እጁን ያራግባል። እናኑ ከጎኑ እጆቿን ወዲያና ወዲህ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ ቤቱ እስኪነቃነቅ ታንኮራፋለች።

"እንኳን አደረሰሽ ልበላት፣ ልቀስቅሳት?" አልኩት።

"ተዋት" አለኝ ደሳለኝ፣ ዳቦውን እየቆረሰልኝ። "ልጁ ከተወለደ ገና ዛሬ መተኛቷ ነው።"