በቅቤ የሠራሁት አንገት

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኩም። ለፓስተሬ አልነገርኩም። እዚህ ዓረብ አገር አብረውኝ ለሚጸልዩ እህቶችም አልነገርኩም። ለእግዚአብሔር እንኳ በስሙ ጠርቼ ነግሬው አላውቅም፤ «በደሌን ሁሉ ይቅር በለኝ» እያልኩ በጅምላ ነው የማሳልፈው። እናንተ የምታነቡ የመጀመሪያ ሰሚዎቼ ናችሁ። በዝርዝር ልናገረው። በዝርዝር ሲሆን ይሸተኛል፤ ይሽተተኝ።

እኔ የሰው አንገት አቃጥያለሁ። ያ አልበቃኝም፤ ያቃጠልኳትን ሴት ራሷን ንስሐ አስገብቻለሁ።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። መጀመሪያ ዓረብ አገር ስሄድ የቁንጅና ክሊኒክ አጽጂ ነበርኩ። እዚያ ሀብታም ሴቶች ፊታቸውንና አንገታቸውን ያለ ቢላ፣ በአልትራሳውንድ ያስጠብቁ ነበር። ነርሷ ወፍራም ጄል ትቀባለች፣ የመሣሪያውን እጀታ ቆዳው ላይ ታስደግፋለች፣ ሞገዱ ገብቶ ከሥር ያሞቃል፤ የላላው ቆዳ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። እኔ ወለል እየወለወልኩ አየሁ። ማየት ማወቅ መሰለኝ። ነርሷ ለአዳዲሶቹ ደጋግማ የምትናገረውን ግን ሰምቻለሁ፦ ጄል ከሌለ እጀታው ቆዳ አይነካም፤ በመንጋጋ ጠርዝ በኩል ነርቭ አለና እዚያ አይኬድም። አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ሰምቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ ርካሹን መሣሪያ ገዝቼ ተመለስኩ። ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቼ ነጭ ጋዋን ለበስኩ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኝ ጀመር። «ኧረ አይደለሁም» እል ነበር፣ ግን እየሳቅኩ፣ ማንም እንዳያምነኝ አድርጌ። ደግሞ የጸሎት ሴት ነኝ። ጌታን የምትፈራ ልጅ አታታልልም ይሉ ነበር። እኔም ክፍሌ ውስጥ ቀስ ያለ መዝሙር እከፍት ነበር። ለጸሎት ነበር? አይደለም። ለገበያ ነበር።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናት። ልጅ ሆኜ መጸለይ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባሏ መርካቶ ይነግዳል፤ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ወንዶች ቤቱ የሚገባው ለመስቀል ነው። ያን ዓመት አዲስ አበባ ልጅ እግር ሴት ይዟል፣ አርግዛለታለች የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እትዬ አስካለ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቀን ክፍሌ መጥታ የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣት ይዛ አሳየችኝና ለመስቀል ይደርስ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ወራት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ይደርሳል አልኳት።

የቀጠሮዋ ቀን ጄል አልነበረኝም። ከአዲስ አበባ ያዘዝኩት በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቀርቶብኛል። ሌሎቹን መልሻቸዋለሁ፤ እሷን ግን መመለስ አፈርኩ። እሷ ደግሞ የቀበሌውን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ጥላ መጥታለች። «ልማቱ ይቆየኝ፣ አንገቴ ይቅደም» ብላ ፀጉር የሚሠሩትን ሴቶች አሳቀቻቸው። መሣሪያውን ስታይ ደግሞ፣ «አልትራሳውንድ ነው አላልሽም? አንገቴ አርግዟል እንዴ አንቺ ልጅ?» አለችኝ።

የሚቀባው ነገር አልቋል አልኳት። ቅቤ አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለባሏ ክትፎ ያስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ቤቷ ነበራት። በኛ አገር ቅቤ ለራስ ነው፣ ለቁስል ነው፣ ለወላድ ነው፣ ለእንግዳ ነው፤ ለአንገቷ የማይሆንበትን ምክንያት እሷ ከየት ታውቃለች? ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ቅቤውን ያመጣችው እሷ ናት እያልኩ። አዎ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት። ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀባኋት። እጀታው እየተንሸራተተ አልይዝ አለኝ። አንድ መስመር ሄድኩ፣ ለውጥ ያየሁ አልመሰለኝም፤ ያንኑ መስመር ደገምኩት። ኃይሉን ጨመርኩ። «ያቃጥላል» አለችኝ። መሥራቱ ነው አልኳት። ወንበሩን ጨበጠች። እንደገና «የኔ ልጅ፣ ያቃጥላል» አለች። መሥራቱ ነው አልኳት። ቅቤው መሽተት ጀመረ፤ ከቅቤው ሥር ሌላ ሽታ ነበር፣ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ አፍንጫዬን አዙሬ ቀጠልኩ። ወደ መንጋጋዋ ጠርዝ ወጣሁ። አይኬድም የተባለው ቦታ ሄድኩ። ለምን? እንድታምር? አይደለም። ከጀመርኩ በኋላ አላውቅም ማለት ስላቃተኝ ነው። እጄ ያውቃል ብላ ዓይኗን ጨፍናልኝ ነበርና ነው።

በማግስቱ አንገቷ ላይ በእሳት የተሠመረ የሚመስል ቀይ መስመር ወጣ፤ የአፏ አንድ ጎን ወደ ታች ወረደ። ስትናገር ምራቋ ያመልጣት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር።

ጎረቤቱ ቅቤ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ወጥታ ምች መታት አለ። ሌላው መጋኛ ነው አለ። መሣሪያዬን የጠረጠረ አልነበረም። እኔ ምን አልኩ? እኔ አማኝ ነኝ፣ በምችና በመጋኛ አላምንም። የጠላት ውጊያ ነው አልኩ። ሰይጣንን ከሰስኩት! እሱ እንኳ ያልሠራውን ሥራ ለሱ ሰጠሁ፣ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

በሴቶች የጸሎት ቀን መሀል አስቀመጥናት። እጄን የጫንኩባት እኔ ነኝ። በዚያው እጅ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ያለች አንዲት እህት ነበረች፤ መጀመሪያ እንጸልይ ብዬ ያስቀረሁ እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ምን ነካሽ ብሎ እንዳይጠይቃት። መንፈሱን ገሠጽኩ። አልወጣ አለ፤ ከየት ይውጣ? ያኔ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ ለጠላት በር የከፈተ የተደበቀ ነገር ካለ ለጌታ ክፈቺው አልኳት።

አለቀሰች። በዚያ በተጣመመ አፏ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ያቺ አዲስ አበባ ያለችው ልጅ... የያዘችው እንዳይጸናላት ለምኛለሁ። በሌላ ሰው ሕፃን ላይ ጸልያለሁ» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ምክንያቱ ተገኘ። እኔም እልል አልኩ። ሰማችሁ? እኔም እልል አልኩ።

እዚያ የተባለው እዚያ አልቀረም። ባሏ ለመስቀል ሲገባ ቀድሞ ሰምቶታል። አፏን አየ፣ የተናገረችውን አሰበ፣ ሁለቱን አገናኛቸው፤ እግዚአብሔር ራሱ ፈርዶባታል ብሎ ለዘመዶቹ ተናገረ። በዓሉ ሳያልቅ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለመስቀል ቤቷ አልገባም።

እኔም አገር ለቀቅኩ። ከመሄዴ በፊት መሣሪያውን ምን ያደረግኩት ይመስላችኋል? ወልቂጤ ላለች ፀጉር ሠሪ ሸጥኩት። ጥሩ ነው አልኳት። ስለ መንጋጋው ጠርዝ አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ከየት አወቅሽ ትለኛለች ብዬ። ከዚያ በኋላ የስንት ሴት አፍ እንደ ተጣመመ አላውቅም። ለማወቅም አልጠየቅኩም።

እትዬ አስካለን አሁንም እደውልላታለሁ። በየጊዜው ትመርቀኛለች። አፏ ትንሽ ተመልሷል ይላሉ፤ አንገቷን ግን በሻሽ እንደ ሸፈነች ናት። ባለፈው ስደውልላት ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ከጌታ ጋር ትነጋገሪያለሽ። ያንን ኃጢአቴን ይቅር ብሎኛል ትያለሽ?» አለችኝ።

«ብሎሻል እትዬ» አልኳት።

አመሰገነችኝ። እኔም ስልኩን ዘግቼ ራሴን ተጸየፍኩ፤ እጄን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ። አንዲት የተከዳች ሴት በልቧ ያጉረመረመችውን ከአፏ አውጥቼ በአደባባይ ያሰጣሁ፣ ከዚያ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ይቅር ያልኳት እኔ ማን ነኝ? እሷን የመታት ፍርድ አልነበረም። ሰይጣን አልነበረም። ምች አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አላቃጠልኳችሁም። ከእሷም ገና አልለምንም። ይህን ጽፌ ስጨርስ እደውልላታለሁ፤ መጀመሪያ የሰጠኋትን ይቅርታ መልሼ እወስዳለሁ፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና፤ ቀጥዬ ያቃጠልኩሽ እኔ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ብትዘጋብኝ፣ ትዝጋብኝ።