መርሳን ሁሉ ያለበሰው ኮት

ያንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የትኛውን እንደምል ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በአልበሙ ሽፋን ላይ፣ በጸጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በደሴና በወልዲያ መካከል በሚመላለሱት ሚኒባሶች የኋላ መስታወት ላይ ያለው። ድምጻዊው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ ከካሜራው ወዲያ የሆነ ነገር የሚያይ የሚመስልበት። ስሜ ፎቶው ላይ እንዲጻፍ ብዙ ዓመት ለመንኩ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራም። ለእነሱ ክብር ብዬ አይደለም፤ የእነሱ ስም በበቂ ተጠርቷል፣ ያልተጠራው የኔ ነው።

ፎቶ ቤቴ መርሳ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር። ደንበኛዬ አብዛኛው ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ገበሬና ነጋዴ ነው። ለመታወቂያ ኮት ለብሶ መነሳት ያኔ እንደ ሕግ ይቆጠር ነበር። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ኮት ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ኮት ሚስማር ላይ ሰቅዬ ነበር። ለቀጭኑ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ አጠበዋለሁ፤ ለወፍራሙ ሳይቆለፍ ደረቱ ላይ ጣል አደርግለታለሁ። የላይኛው ቁልፍ ስለወለቀ ከሕፃን ሹራብ የነቀልኩትን ቀይ ቁልፍ ተክቼበታለሁ። ሙሽራም፣ ሼህም፣ ሾፌርም በዚያው ኮት ተነስቷል።

ድምጻዊው ከውርጌሳ የመጣው አንድ የገበያ ቀን ጧት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ጎረምሳ።

«እትዬ፣ ለአልበም የሚሆን ፎቶ ያንሱኝ» አለኝ።

«እኔ የማነሳው ለመታወቂያ ነው።»

«ያው ፊቴ ነው እኮ!»

ኮቱን አለበስኩት። እጅጌው ክርኑ ጋ ቀረ። ስለዚህ እጁን ትቼ ከደረቱ በላይ ብቻ አነሳሁት፤ ይህን በኋላ ጋዜጠኞች «ደፋር አቀራረብ» ብለው ጻፉለት።

እኔ ሰው ሳነሳ «ፈገግ በል» ብዬ አላውቅም። እሳደባለሁ። የተሰደበ ሰው ሙሉ በሙሉ ፊቱ ላይ ይወጣል።

«ምን ሆነህ ነው ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቆዳ የተወጠርከው? ዘፋኝ ነኝ ካልክ እስቲ ዝፈን!»

አምባሰሉን ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ይህን አልክድም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ግን ግጥሙ ጠፋበት። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ዓይኑ ቃሉን ፍለጋ ወደ ጣራዬ ቆርቆሮ ሄደ። ያኔ ካሜራውን ተጫንኩ። ዛሬ ሰዎች ያንን ፎቶ እያዩ «ትዝታው ዓይኑ ላይ ይነበባል» ይላሉ። ዓይኑ ላይ የሚነበበው ሁለተኛው ስንኝ ነው፤ ማለትም ምንም።

አልበሙ ወጣ፣ ልጁ ገነነ። መጀመሪያ ላይ እውነት ይናገር ስለነበር ለጠየቀው ሁሉ «መርሳ ያለች ሴት ናት ያነሳችኝ» ይል ነበር። ስለዚህ ሌሎቹም መጡ። አንድ የፊልም ጀግና ለፖስተሩ ከሲሪንቃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የእንጨት ጠመንጃ አንግቶ ቆመልኝ። ከኋላው አንዲት አህያ ስታናፋ ጠመንጃውን ጥሎ እኔን አቀፈኝ። ያን ያህል አጥብቆ ያቀፈኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። ፖስተሩ ላይ «ሞትን የናቀ» ተብሎ ወጣ።

ደግሞ አንዲት የፋሽን ዲዛይነር ሞዴሎቿን ይዛ መጥታ ሀብሩ ውስጥ ማሽላ ማሳ መሃል አቆመቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ሰፋፊው ልብስ በነፋስ እየተርገበገበ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አነሳኋቸው። ዕቃችንን ስንሰበስብ የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ወደ ዲዛይነሯ ቀረብ አሉ።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ዛሬ አንድም ወፍ አልወረደብኝ። እስከ መግሪብ ቢቆሙልኝ ምን አለበት?»

ልጅቷ በጣም ተቆጣች። እኔ ግን ስለዚያ ልብስ ከዚያ የተሻለ አስተያየት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ባለባርኔጣው መጣ። የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ነው፤ ቤት ውስጥም ባርኔጣውን አያወልቅም። የኔን ፎቶ ከአልበሙ ሽፋን ላይ መልሶ አነሳና ከላይ ጥጉ ላይ የራሱን ስም ጻፈበት። ድምጻዊው አጠገቡ ተቀምጦ በቴሌቪዥን «እሳቸው ናቸው ያነሱህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ መርሳ ድረስ የመጣልኝ ተዋናይም ሞዴልም የለም፤ የመጣው መታወቂያው የጠፋበት ሰው ብቻ ነው። ለድምጻዊው ደወልኩ፣ አላነሳም። ለባለባርኔጣው ደወልኩ፣ «የትኛዋ እማማ?» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ይኸው ሰውዬ ወልዲያ ላይ የዝነኞች ፎቶ ዐውደ ርዕይ ሊከፍት ነው ሲባል፣ ድምጻዊውን ለማየት ከሚጎርፈው የመርሳ ሰው ጋር ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ፎቶዬ የአዳራሹን ግድግዳ ሞልቶ ተሰቅሏል። ስሙም እላይ ጥጉ ላይ፣ ከሩቅ እንዲነበብ ተደርጎ ተጽፏል። ድምጻዊው ከፊት ተቀምጧል። ቀጥ ብዬ ባለባርኔጣው ጋ ሄድኩ።

«ይህ ፎቶ የኔ ነው።»

«እማማ፣ ሁላችንም የኔ ነው የምንለው ፎቶ ነው። ወንበር ይሰጥዎት።»

እማማ! በዕድሜ የሚያንሰኝ በጥቂት ነው፤ ከባርኔጣው ስር ያለውን ያየ ያውቃል።

ማይክሮፎኑን ያዘ። «ይህን ሥራ የሠራሁት አዲስ አበባ፣ ስቱዲዮዬ ውስጥ ነው» አለ። «ኮቱን ለዚሁ ብዬ ከጣሊያን አስመጣሁት። ቀዩን ቁልፍ ልብ በሉ፤ የቆሰለ ልብ ምልክት ነው።»

ከኋላ አንዲት መርሳ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ብድግ አለች።

«ወላሂ ይሄ የባሌ ኮት ነው!»

«ቁጭ በይ አንቺ!» አላት አንዱ አስተናጋጅ።

«ምን ቁጭ በይ ትለኛለህ! ቀዩን ቁልፍ አላውቀውም? ይኸው!» ብላ ከመቀነቷ የባሏን መታወቂያ አወጣች። የባሏን መታወቂያ ይዛ ለምን እንደምትዞር አልጠየቅኳትም።

አንድ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን መዘዘ። «የኔም ኮት ነው!» አለ። ከጎኑ የነበረው አየና «ኧረ የኔም!» አለ። ኪሱን የማይፈትሽ የመርሳ ሰው ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ባለባርኔጣው ቀሰሩ።

«እኔ የተሞሸርኩት በዚህ ኮት ነው። አንተ ልጅ፣ ጣሊያን ሄደህ ነው የተዳርከው እያልከኝ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ወደ ድምጻዊው ዞርኩ።

«አንተ! እስቲ አሁንም ራስህን ነቅንቅ!»

ላብ እያጠመቀው ተነሳ። «ያነሱኝ እሳቸው ናቸው» አለ ለሰዉ። «ስድባቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ማለቴንና አለማለቴን እዚህ አልጽፍም፤ የኔና የሱ ጉዳይ ነው።

ባለባርኔጣው ግን ገና አልጨረሰም። «እንግዲያስ የእማማንም ስም እንጨምራለን» አለ እየሳቀ። «ከስሜ ዝቅ አድርገን፣ ኮት አቅራቢ ብለን።»

«ዝቅ አይደለም» አልኩት። «ስምህ ላይ ነው የሚለጠፈው። እንዳይታይ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሾፌሩ ሮጦ ከመንገዱ ማዶ ካለው ማተሚያ ቤት አሠርቶ መጣ፤ «ፎቶ አንሺ» የሚል፣ ስሜ እስከነአያቴ ያለበት ሰፊ ተለጣፊ ወረቀት። የግድግዳው ጥግ ሩቅ ስለሆነ መሰላል አስመጡ። ሾፌሩ ልውጣ ቢል ከለከልኩት፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ ያን ቀን ግን አላመመኝም።

«ማን ይያዝልዎት?» አሉኝ።

«እሱ ይያዘው፣ ባለባርኔጣው።»

ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት አልቻለም፤ መጥቶ ያዘ። ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ በጣም ቀስ ብዬ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ! ምን ሆነህ ነው እንደ ሠርግ ድንኳን የምትወዛወዘው?»

ወረቀቱን ስሙ ላይ አስጠጋሁና ወደ ታች ጠየቅኩት።

«ቀጥ ብሏል?»

«ትንሽ ወደ ግራ፣ እማማ» አለ።

ወደ ቀኝ ገፋሁትና በመዳፌ ደህና አድርጌ አጣበቅኩት።