ቆሞ እንዳይናገር የተከለከለ ሳጥን

እህት የወንድሟ ጀናዛ ከቤት ሲወጣ ሳታይ ቀረች። ቅሬውም ስለቀረች ቀጣት። መርሳ ዳር ያለው ቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን ማለት ነው፣ የሠራው ሥራ ይኸ ነው። የረዲን ነገር ከዚህ ካልጀመርኩት ሰውየው ዓመት ሙሉ የአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ ሲዘረግፍ ለምን እንደከረመ አይገባችሁም።

እህቲቱ ዓቢዳ ይመር ናት። ቤቷ ከወንዙ ማዶ፣ ከማሽላው ማሳ በላይ ነው። ወንድሟ ዓሪፍ ወዲህ፣ ከገበያው ሥር ይኖር ነበር። አምና አንድ ጧት ድንገት ሞተ። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው፤ ሰው ሲሞት ጥሪው የሚነገረው ከቅሬው ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ሞንታርቦ ነው። የሰፈሩ ሰው የሚጮህ ነገር ሁሉ ሞንታርቦ ነው የሚለው እንጂ፣ ዕቃው ጡሩንባ የመሰለ ቆርቆሮ ነው። ያ ቆርቆሮ ጮኸ። ዓቢዳም ጩኸቱን ሰማች። የሰማችው ግን «ዋ ዋ ዋ ኑ!» የሚል ነው። ማዳበሪያ መጣ ሊሉ ነው ብላ ጎመኗን መኮትኮት ቀጠለች። ስልክ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ስልክ አለ፤ ኔትወርኩ ግን በዚያ ሰሞን እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር። የሙስሊም ቀብር ደግሞ አያድርም። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ዓሪፍ አፈር ገባ። እሷ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ሰማች።

ቅሬው ተሰበሰበና «የዓቢዳ ቤት ከለቅሶ ቀርቷል» አለ። እንደ ደንቡ ተቀጣች። ደንብ ነዋ! ደንብ መቼ ጆሮ አለው!

ከዚያ ስብሰባ መሐል ብድግ ብሎ «አታፍሩም ወይ?» ያለው ረዲ ብቻ ነበር። ረዲ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ቁጡ ነው፤ ደንበኛ እንኳ ሲያመናጭቅ ይውላል። «ያ ቆርቆሮ የሚጮኸው ለራሱ ነው! ጩኸት ሌላ፣ ቃል ሌላ!» አለ። የቅሬው ዳኛ ሼኽ ሙስዐብ ረጋ ብለው፣ «አብሽር ልጄ። የተሻለ ካለህ አምጣና አሳየን» አሉት። ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ረዲ ግን ያን ቃል ይዞ ሄደ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ትልቅ ስፒከር ይወዳል፤ ትልቁ ግን ከበሮ ነው፤ ዱም ዱም ይላል እንጂ ስም አይጠራም። ከአሮጌው፣ ጀርባው ካበጠው ቴሌቪዥን ውስጥ የሚወጣው መዳፍ የምታህል ስፒከር ግን ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ብቻዋን ትናገራለች፤ ምላስ ናት። ጉዳቷ አቅም የላትም። ታዲያ አንድ ምላስ ካልቻለች ብዙ ምላስ ባንድ ላይ ያንኑ ቃል ቢናገርስ? ረዲ ከወልድያ፣ ከውርጌሳ፣ ከግራና ገበያ የተጣለ ቴሌቪዥን እየለቀመ አመጣ። ጎረቤቱ ፋንቱ፣ ሱቋ በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ባየችው ቁጥር፣ «ረዲ ዛሬስ ስንት ኩላሊት አወጣህ?» ትለው ነበር።

መጀመሪያ ዘጠኝ ስፒከር መርጦ ሦስት በሦስት አድርጎ ባራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ደረደራቸው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው እንደ ውኃ ይጠራል። ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ቃሉ ይታኘካል። ረዲ ሰሌዳውን በእግሩ መታው። ሲበርድለት ተቀምጦ አሰበው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡት ምላሶች ከጎን ላለ ሰው እኩል አይደርሱለትም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። እንግዲያው ጎን ለጎን አይቀመጡ! አንዱ ባንዱ ላይ ይቁም፤ እንደ ዘንግ። እንዲያ ሲሆን ድምፁ ወደ ሰማይም ወደ መሬትም አይባክንም፣ እንደ ምንጣፍ ለግራም ለቀኝም ይዘረጋል።

ሽቦውም ራሱን የቻለ መከራ ነበር። ሁሉንም ባንድ ላይ ቢያስራቸው ማጉያው፣ አምፕሊፋየሩ፣ ይቃጠላል፤ ሁሉንም በተርታ ቢቀጥላቸው ድምፁ ይሞታል። ሦስት ሦስቱን በተርታ፣ ሦስቱን ተርታ ደግሞ ባንድ ላይ አደረገ። ተሳካ ሲል ድምፁ ቀጠነበት፤ ሁለት ቀን ተሳደበ። በመጨረሻ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። ስምንቱ ወደ ውጭ ሲገፉ አንዷ ወደ ውስጥ ትስባለች! እሱ ራሱ ነው ሽቦዋን ገልብጦ ያሰራት። ዮሴፍ የተባለው አናጢ ግን ከዚህ የባሰ ጉድ ሠራለት። ረዲ ያዘዘው ረጅምና ጠባብ ሳጥን ነበር።

ረዲ ያን ሳጥን በትከሻው ይዞ ቅሬው ወደሚሰበሰብበት ዋርካ ሲመጣ ሴቶቹ እሪ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ሀብቴ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተነሱ።

«ማነው ያረፈው?»

«ማንም አላረፈም ጋሼ። ስፒከር ነው።»

«ስፒከር? ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ ዙሪያውን ምስማር ተመትቶ? ይኸማ የዮሴፍ እጅ ነው። አጎቴን የቀበርኩበት ቁርጥ!»

ሼኽ ሙስዐብ ዓይናቸውን ከሳጥኑ አልነቀሉም። «እኛ እንደሁ ጀናዛ በሳጥን አንቀብርም። አስተኛው በል።»

«መቆም አለበት ሼኽዬ። ካልቆመ አይሠራም።»

«አይቆምም።» ይኸን ያሉት ጋሽ ሀብቴ ናቸው። «ባዶ የሬሳ ሳጥን ቆሞ ከታየ ባለቤት ይፈልጋል፤ ሟርት ነው።»

«ባዶ አይደለም እኮ! ዘጠኝ ስፒከር አለበት!»

«ይኑርበት። ይተኛ።»

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሌላ ጊዜ ስለ ድንኳን ችካል እንኳ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ያን ቀን ግን ባንድ ቃል ሆኑ። ሳጥኑን ተቀብለው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ሊያጋድሙት ሲሉ ረዲ ጮኾ ቢያንስ በጎኑ እንዲሆን አስፈቀደ። ጋሽ ሀብቴ እንዳይንጋደድ ብለው ራስጌው ሥር ድንጋይ አደረጉለት። ራስጌ! ስፒከር ራስጌ ኖሮት ያውቃል? ሳጥኑ ሲቆም እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋው ድምፅ፣ ሲተኛ እንደ ግድግዳ ነው የሚቆመው፤ ግማሹን ሰማይ ይበላዋል፣ ፊት ለፊት ላለ ብቻ ይደርሳል፣ ግራና ቀኝ ያለው ትርፍራፊ ነው የሚያገኘው። ይኸንን ረዲ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ማን ሰምቶት!

ዓቢዳ ከወንዙ ማዶ ደጇ ላይ ቆማለች፤ ከሰማች ነጭ ሻሿን ልታነሳ ተነግሯታል። የመኪና ባትሪ ተያያዘ፣ ረዲ ሰላምታ አቀረበ። ፊት ያሉት «ኸረ ጥርት ያለ ነው!» አሉ። ዳር ያሉት «ምን አለ? ምን አለ?» ይባባላሉ። ሻሹ አልተነሳም።

«ሳጥንህ ያንሾካሹካል እኮ ረዲ» አለች ፋንቱ። «ለሐሜት ይሆናል።»

ሳቁ። ሼኽ ሙስዐብም፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ ካልሆነልህ ሌላ ትልቅ ሞንታርቦ እንገዛለን» ብለው ዘጉት። ሌላ ቆርቆሮ! ከፊተኛው የሚበልጥ ዋ ዋ ዋ!

ረዲ ሳጥኑን ተሸክሞ በቀጥታ ዮሴፍ ዘንድ ሄደ።

«የሬሳ ሳጥን ሠርተህ ትሰጠኛለህ?»

«ረጅምና ጠባብ አልክ። ረጅምና ጠባብ ሌላ ምን አለ?»

«ጥቁሩን ጨርቅስ ማን አዘዘህ?»

«እሱ ምርቃት ነው።»

ረዲ መጋዝ አነሳ። ዮሴፍ «ተው፣ ለሁለት ከቆረጥኸው የሕፃን ሳጥን ነው የሚመስለው፣ ይብሳል» አለው። ጨርቁን በነጭ እንለውጠው ቢሉ ነጩ ከፈን፣ የሬሳ መገነዣ፣ ነው። በመጨረሻ የዮሴፍ ሚስት ማህሌት ከሁለቱም አፍ ሰልችቷት አበባ አበባ ያለበትን ስስ ሻሿን ወረወረችላቸው። ሳጥኑ ከመሐል ተቆረጠና አበባውን ለበሰ። አምስተኛዋ ስፒከር በመጋዙ መንገድ ላይ ነበረችና ተነቅላ ወጣች። ሽቦው ሁሉ እንደ አዲስ ፈርሶ ተሠራ፤ አራት ለዚህ፣ አራት ለዚያ። ረዲ እየሠራ ያንገበግበው የነበረው ይኸ ነው፤ ምንም ያልጎደለውን ዕቃ ለሰው ዓይን ብሎ ማጉደል።

በስብሰባው ቀን ሁለት አበባማ ሳጥን በግራና በቀኝ ብብቱ ይዞ መጣ። ዓቢዳም እንደ ፊተኛው ማዶ ደጇ ላይ ቆማለች። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አቆመ፣ ሌላውን አናቱ ላይ ደረበ። ማንም አስተኛው አላለም። እንዲያውም ሼኽ ሙስዐብ፣ «ማሻ አላህ፣ ይኸ ነው እንጂ የሰው ዕቃ» አሉ። ያው እንጨት! ያው ቁመት! አበባ ስለለበሰ ሟርቱ ለቀቀው።

«በል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በል» አሉት ጋሽ ሀብቴ።

«ቁጥርማ ማንም ይገምታል ጋሼ። ለዓቢዳ አምና የጠፋባት ስም ነው። የምጠራውም ስም ነው።»

«የማንን ስም?»

በቅሬ ጥሪ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ተብሎ ስሙ አይጠራማ።

«የኔን እንዳትነካ» አለች ፋንቱ።

«የኔንም።»

«የልጆቼንም፣ ወላሂ!»

ረዲ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ጭካኔ ነው የምትሉ በሉ። «ያ ጀማዓ፣ የቅሬ አባላት! ወንድማችን ዓሪፍ ይመር ወደ አኼራ ሄዷል። ጀናዛው ከዙሁር በኋላ ከቤቱ ይወጣል። እህቱ ዓቢዳ ይመር፣ ድረሽ።»

ከዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ማዶ አዞረ። ሻሹ አልተነሳም። ጠበቁ። አልተነሳም።

«አየህ ልጄ፣ የአላህ ነገር…» ብለው ሼኽ ሙስዐብ ጀመሩ። ሊሉት የነበረው የግዢውን ነገር ነው። ግን አልጨረሱትም፤ ማሽላው መሐል ሰው እየወረደ ነበር። ዓቢዳ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ሻሿ እጇ ላይ ነው። ወንዙን ተሻግራ፣ ሰዉን ሰንጥቃ ዳኛው ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ማንም ተነሱ አላለም።

«ሰማሁ» አለች። «አንድ ቃል አላመለጠኝም። ሰዓቱንም ሰማሁ፤ ስሜንም።»

«አላህ ይዘንለት የኔ እህት» አሉ ሼኽ ሙስዐብ።

«አምና እንዲህ ብትጠሩኝ ኖሮ መምጣት ያቅተኝ ነበር ወይ ሼኽዬ? አንቱ ይመስክሩ።»

ጋሽ ሀብቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና «ያጽናሽ» አሉ፤ ከኋላቸው ሰዉ ተራ በተራ። ረዲ ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ ሲል አየችው።

«እንዳትነቅለው።»

«ይቅር በይኝ ዓቢዳ፣ እኔ ለመፈተን ያህል ነው…»

«ድገመው።»

«እ?»

«እህቱ ድረሽ የምትለዋን ድገማት። ከሩቅ ነው የሰማኋት፤ ከቅርብ ልስማት።»

ረዲ ማይኩን አነሳና ደገመው። ቃሉ በወንዙ ላይ አልፎ ማዶ ባዶ ቤቷ ደጅ ደረሰ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ቅሬውም አብሯት ተቀመጠ፣ ሙሉ ለቅሶ።

የአዲስ ቆርቆሮ ግዢ ያን ቀን ቀረ። ቅጣቱ ግን ይሰረዝላት ሲባል፣ የተሰበሰበው ሰው ደንቡን አየና፣ «በደንቡ ላይ መሰረዝ የሚባል ነገር የለም» አለ።