ኔትወርክ የሌለበት ተራራ

ተራራ እንሂድ እያለች ዓመት ከዓመት ስትነዘንዘኝ የኖረችው እሷ ናት። "እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ግራምፒያንስን አይተን እንምጣ። ፈረንጁ ሁሉ ድንኳኑን ጭኖ ሲሄድ እኛ ምን ጎድሎን ነው?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "ጤነኛ ሰው ልዝናና ብሎ ዳገት ይወጣል? ዳገትማ አገሬ ሞልቶልኝ ነበር" ብዬ አፏን አስይዛታለሁ። እዚህ ስደት አገር፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ጎረቤታሞች ነን። በዕድሜ ብበልጣትም ከእናቴ ልጅ አትተናነስብኝም። የምትኖረው ብቻዋን ነው።

አንድ ዓርብ ማታ ያራቪል ሰፈር ያሉ ጋሼ፣ የሁላችን ሽማግሌ፣ ደወሉልኝ። የዚች ጎረቤቴ እናት አገር ቤት አርፈው ሐሙስ ተቀብረዋል። ወንድሟ "አደራ፣ በወጉ አርዱልኝ" ብሏቸዋል። መርዶ ደግሞ በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከግራ ከቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ቅዳሜ ግማሹ ሰው ሥራ ነው፤ ክሬጊበርን መጋዘን የሚሠሩትማ የሚወጡት ሌሊት ነው። በዚህ አገር መርዶም ሺፍት ይጠብቃል። ስለዚህ እሑድ ንጋት ተባለ።

"እስከዚያ እንዳትሰማ አድርጊ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ" አሉኝ።

ምኑን ነው የማውቅበት! ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ለመለጠፍ የሚሽቀዳደም ዘመድ ሞልቶ ሰው ከምን ይደበቃል? ስብሰለሰል ቆይቼ ያ ተራራዋ ትዝ አለኝ። እዚያ ኔትወርክ የለም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ደወልኩላት።

"ነገ ተራራሽን አሳይሻለሁ።"

"በስመ አብ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" ብላ ስትስቅ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

ጠዋት መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳታስር "ስልክሽን አጥፊው፣ ዛሬ እንኳ እንረፍ" አልኳት። እሺ ብላ አጠፋችው። ይህን ያህል ታምነኛለች። መንገዱን ሙሉ ስትዘፍን ሄደች። ካንጋሩ ባየች ቁጥር "እትዬ! እትዬ!" እያለች ትከሻዬን ትደበድበኛለች፤ እኔም "ኧረ ተይኝ፣ ገደል ልትከቺን ነው" እላለሁ። አብሬያት መሳቅ ነበረብኝ፤ ሳቅኩም።

ተራራው ሥር ደርሰን ምሳ አወጣን። ዳቦው አልዋጥ አለኝ።

"ምን ሆኑ? አልበሉም እኮ።"

"ጥርሴን ነው።"

"ትናንት ደህና አልነበሩ?"

"ጥርስ አስፈቅዶ ነው እንዴ የሚያም?"

ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሳቋን ማየት አቃተኝና ዕቃ መሰብሰብ ያዝኩ።

እዚያው ሥሩ ውለን ብንመለስ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እዚህ ድረስ መጥተን ጫፉን ሳናይ አንመለስም አለች። ጉልበቴን ብላት "እኔ እደግፍዎታለሁ" አለች። እንዳለችውም ክንዴን ይዛ፣ በየድንጋዩ "ቀስ ይበሉ" እያለች አወጣችኝ። ለነገ ደጋፊዋ እኔ ነበርኩ።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ገደሉን የብረት አጥር ከልሎታል፤ ከታች ጫካው እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል። ፎቶ ላንሣ ብላ ስልኳን ከፈተችው።

"ኔትወርክ አለ!" ብላ ጮኸች። "እማዬን ላሳያት! አገር ቤት ገና እየነጋ ቢሆንም እሷ እንደሆነች ከወፍ በፊት ነው የምትነሣው።"

ከታች የጠፋ ኔትወርክ ከላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለእናቷ ደወለች፤ አይነሣም። ደግማ ደወለች። ዝም ብል ምናልባት ትተወው ነበር። እኔ ግን "ተይ እንጂ፣ ይተኙበት!" ብዬ ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው የገዛ እጄ ነው።

ፊቴን አየችኝ። ድንገት የመጣው ተራራ፣ የጠፋው ስልክ፣ ያልተበላው ዳቦ አንድ ላይ ሲገባት አየሁ።

"ለዚህ ነው ያመጣሽኝ?" አለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንቺ ብላኝ አታውቅም።

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። የእኛ ሰው ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

"መቼ ተቀበረች?"

"ሐሙስ።"

ገደሉ ቅርብ ነውና ልይዛት ተጠጋሁ። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከኋላችን ፎቶ ለመነሣት ተራ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ቆመዋል። ሰውየው ፈገግ ብሎ "ሁለታችሁን ላንሣችሁ?" አለና ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። እምቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ጎን ለጎን ቆምን። "ፈገግ በሉ" አለን። እሷም፣ የኔ ምስኪን፣ ጥርሷን አሳየችው።

ሲሄድልን "እዚህ እንዴት ተብሎ ይለቀሳል፣ እትዬ?" አለችኝ።

ቁልቁለቱን ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። መኪና ውስጥ የተናገረችው ባላራት የሚባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው።

"ነገ ይመጣሉ?"

"ንጋት ላይ።"

"እንግዲያው አልሰማችም ይበሉልኝ። የእናቴን ሞት ፎቶ ቦታ ላይ ሰማሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ? እንደ ሰው በወጉ ያርዱኝ።"

እሺ አልኳት። ያን ሌሊት አብሬሽ ልደር ብላት በሯን ዘጋችብኝ።

ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጇ ቆምን። ጋሼ አንኳኩ። በቢጃማ ወጣችና "ምነው፣ በደህና ነው?" አለች። እንዴት አድርጋ ታስመስለው ይሆን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ "ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል" ሲሉ ያ ተራራው ላይ አልወጣ ያለው ጩኸት ወጣ። ማስመሰል አልነበረም። መሬት ላይ ወደቀች፤ ከኋላ አቀፍኳት።

ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ጎበዝ፣ ደህና ጠብቀሻታል" አሉኝ።

እሷ ደረቷን እየመታች "ደወልኩላት እኮ! ተራራውን ላሳያት ደወልኩላት፣ አላነሣ አለችኝ!" ትላለች።

"ኀዘን ነው የሚያስለፈልፋት፣ እንዲወጣላት ተዉአት" ተባባሉ ሴቶቹ።

የት ቆማ እንደደወለች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።