የላሟ መርፌና የአባባ እግር

ሊይዙኝ ሲመጡ ቀኝ እጄ እስከ ትከሻው ድረስ ላም ውስጥ ነበር። ሱሉልታ ውስጥ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ላሟ ማርገዝ አለማርገዟን እየዳበስኩ ነበር። ፖሊሶች በጓሮ በር ገቡና አንደኛው «እጅ ወደ ላይ!» አለ። ግራ እጄን አነሳሁ። «ሁለቱንም!» ሲል የላሟ ባለቤት ደንግጣ፣ «ኧረ አንዱ ሥራ ላይ ነው!» አለችው። እጄን ሳወጣ ፖሊሱ ጓንቱን አይቶ ወደ ኋላው አፈገፈገ፤ ካቴናውንም ያሰረልኝ ከታጠብኩ በኋላ ነው። እየወሰዱኝ ዞር ብዬ ሴትዮዋን «አርግዛለች» አልኳት። እልል ልትል አፏን ከፈተችና ፖሊሶቹን አይታ መልሳ ዘጋችው።

ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ጥያቄ መጠየቄ ነበር። የግጦሽ መሬቱ ለማን ተሰጠ ነበር ያልኩት። መልሱን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ያቆዩኝ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ ነው፤ በየትኛው እንደሆነ ልተወው። ክፍሉ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ስለነበር ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ጀርባው ግራጫ ሆኖ ይነሳል። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ናት። ከጀርባችን የጣቢያው ኃላፊ መኖሪያ ግቢ ስለነበር የላም ድምፅ ይሰማናል። እኔን ያጽናናኝ ነበር፤ ሌሎቹን ደግሞ ወተት ያስመኛቸዋል።

የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከሱቁ ሲይዙት ሜትሩ አንገቱ ላይ ቀርቶ አብሮት ታስሯል። የመኝታ ቦታችንን የሚያካፍለን በሱ እየለካ ነው። ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ አንዱ ሆዱን፣ ሌላው ጥርሱን ይዞ መጣ። «ኧረ እኔ የከብት ነኝ!» ብላቸው ካቦው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «አያያዛችንን አይተህ ነው ልዩነት የምታወጣው?» አለኝ።

እውነተኛው በሽተኛ ግን አንድ ነበር፤ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ገበሬ። የታሰሩት ስብሰባ ላይ አላጨበጨቡም ተብሎ ነው። «አንዱ እጄ ዱላ ይዟል፤ በምኔ ላጨብጭብ?» ይላሉ። መኪና ላይ ሲጭኗቸው ሚስማር እግራቸውን ቧጭሯቸው ነበር። እኔ ስገባ እግራቸው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት ይፋጃል። ቅላቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ወደ ባታቸው እየወጣ ነበር። ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ደም ከገባ ሰው ይገድላል። ካቦው ጠዋት ጠዋት በር እየመታ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው ይላል። ዘበኛውም ጠዋት ጠዋት «መኪና የለም» ይላል።

ከዚያ የኃላፊው ላም አነከሰች።

ኃላፊው ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «የከብት ሐኪም አለ የተባለው የቱ ነው?» አለ። ወስዶ አሳየኝ። ጥሩ የፈረንጅ ላም ናት፤ የኋላ እግሯ ሰኮና መሀል መግሏል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ያስፈልጋታል አልኩት። ለሰውም ለከብትም የሚሠራ፣ ብዙ ዓይነት ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው። ወዲያው ያ የሌለው መኪና ከአጥሩ ጀርባ ተነሳ። ሰኮናዋን አጥቤ ሳልጨርስ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ተመለሰ።

ወጋኋትና፣ «ነገም ከነገ ወዲያም ትወጋለች። ወተቷ ግን መርፌው ካለቀ በኋላም ለጥቂት ቀናት አይጠጣም፣ አይሸጥም። መድኃኒቱ ከወተቱ ጋር ይወጣል» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ይድፉት።»

በምርመራ ጊዜ እንኳን እንደዚያ አፍጥጦ አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ገባ። «ኃላፊው ለእናንተ ብለው ነው» አለ። ወተት ነው፤ ገና አረፋው አልጠፋም። ክፍሉ በደስታ ተነቃነቀ። ያለ ኩባያ የገባው በላስቲክ ቆብ ሊጠጣ ተሰለፈ። ካቦው ኃላፊውን መመረቅ ጀምሮ ነበር።

«የማን ላም ወተት ነው?» አልኩ።

«የሳቸው ናታ! ስንት ላም አላቸው ብለህ ነው?» አለ ዘበኛው።

ነገሩን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ የሞት ዜና ያረዳሁ መሰለ። አንድ ሁለቱ «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን ምራቄን እየዋጥኩ ነበር የምናገረው። አባባ ግን ኩባያቸውን እንደያዙ ተጠጉኝ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለላሟ የወጋኸው መድኃኒት፣ እንደኔ ያለ እግር ያድናል?»

«ይሆናል አባባ።»

«መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«እኔ ጤና ጣቢያ ተከልክያለሁ?»

«ተከልክለዋል።»

«እንግዲያው ቅዳልኝ!»

ካቦው ሳቀ። ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያ በሥርዓት የመረመረኝ ሰው አልነበረም። «ትንሽ ነው ያለው፣ አይበቃዎትም» አልኳቸው።

«ጀሪካኑን እጨርሰዋለሁ።»

«ጀሪካኑን ቢጨርሱትም ለአይጥ አይበቃም። ትንሹ መድኃኒት ጀርሙን ያለማምደዋል እንጂ አይገድለውም። ኋላ ደህናው መድኃኒት ሲመጣ ጭራሽ እንቢ ይላል።»

አባባ ኩባያውን ወደ ውስጥ አዩት። ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ይመታል፤ ትኩሳት ነበራቸው። ከዚያ ኩባያውን ለካቦው ሰጡት። ካቦው የጀሪካኑን ክዳን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ለዘበኛው መለሰለት።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ ዘበኛው፣ ላብ ላብ ብሎት።

«እግዜር ይስጥልን፣ ጠግበናል በላቸው» አለ ካቦው።

ቁርስ ያልበላን ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን።

ኃላፊው ሲመጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ተነስ፣ የላሟ መርፌ ደርሷል» አለኝ። እኔም እነሳለሁ ብዬ ነበር፤ እግሬ ግን አልነሳ አለኝ። ስለ ጀግንነት አላወራም።

«ተራው የአባባ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ላሟም ታነክሳለች፣ አባባም ያነክሳሉ። ቀድመው የመጡት አባባ ናቸው።»

«ሰውን ከከብት ጋር ታወዳድራለህ?»

«ኧረ እኔ አላወዳደርኩም። እሷ ከትናንት ጀምሮ ትታከማለች።»

ካቦው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይዘረጋ ጀመር፤ ተመትቼ የምተኛበትን ቦታ ሊያሰፋልኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። በዚያ መሀል ከግድግዳው ጀርባ ላሟ ረጅም እምቧ አለች። ኃላፊው ዓይኑን ወደ መስኮቷ ሰቀለ። ከዚያ ወደኛ ሳያይ፣ «መኪናውን አምጡ» አለ።

አባባ በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። እኔም ወጥቼ ላሟን ወጋሁ፤ እሷ ምን አደረገች? ከሰዓት በኋላ አባባ እግራቸው በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ በእጃቸው የእንክብል ፖስታ ይዘው ተመለሱ። ተቀብዬ አነበብኩት፤ ቴትራሳይክሊን ይላል። ከላሟ መድኃኒት ጋር ዘመድ ናቸው አልኳቸው። አባባ በጽሞና አሰቡበት።

«እኔስ ለስንት ቀን ነው የማልታለበው?»

ሳቃችን ኃላፊው ግቢ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አባባ ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ነርሷ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ከወተት ጋር እንዳይወስዱት፣ ይከሽፋል አለችኝ። እናንተ ሐኪሞች በእኔ ላይ ተመካክራችኋል!»

ቅላቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ለምን እንደታሰርን እንዳልነገሩን ሁሉ፣ ለምን እንደተፈታንም ሳይነግሩን ለቀቁን። አባባ ዛሬም ያነክሳሉ፣ ግን ትንሽ ነው። ስብሰባ ሲጠሩ ዱላቸውን ቤት ትተው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሰሞን አስጠሩኝና ሄድኩ። ላማቸው ጡቷ አብጦ ነበር። መርፌውን ሰጥቼ፣ ስለ ወተቱ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ባልዲውን አንስተው ወደ አጥሩ ጥግ ሲያነክሱ አየሁ። ያን ሁሉ ወተት ሣሩ ላይ ገለበጡት። እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ገበሬ ወተት ሲደፋ ማየት ቀላል አይደለም፤ ስንቱን ለምኜ እንቢ ብሎኛል። ለማሳቅ ያህል፣ «ምነው አባባ፣ ለሰው አይሰጡትም ነበር?» አልኳቸው።

ባዶውን ባልዲ እያራገፉ ዞር አሉ።

«ለማን ልስጠው ኢልመ ኮ? እኔ እስረኛ የለኝ!»