በአያ ደምሴ መስኮት ላይ ያበበችው

የወተት ጥርሶቼ ገና ወልቀው ሳያልቁ እናቴ ከደባርቅ ገጠር አምጥታ ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ወንድሟ ቤት አስቀመጠችኝ። ፊደል እንድቆጥር ነበር። ወንድሟ አያ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ጡት ያልጣለች ልጃቸውን ይዛ ወደ አገሯ ወደ እንፍራንዝ ከተመለሰች ወዲህ ብቻውን ይኖር ነበር። ያኔ ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ብቻ ሆኖ ሳለ ለእኔ ግን ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሌላ ልጅ አልነበረም።

መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ የጨርቅ ናሙና በሚሰቅልበት ቦታ፣ አያ ደምሴ የወይራ ቁራጮች በሽቦ አንጠልጥሏል። በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በስፌት ክር የታሰረች፣ ቅጠሏ ከጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ተክል ነበረች። ክረምት ላይ ነፋስ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ቅርንጫፍ ሲጥል ከወደቀው ላይ ለቅሞ ያመጣቸዋል እንጂ ከቆመ ዛፍ አንዲትም ነቅሎ አያውቅም። «ሚጢጢዎቹ» ይላቸው ነበር። ኦርኪድ እንደሚባሉ የሰማነው ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ አንድ ተማሪ ነው፤ አያ ደምሴ ስሙን አንዴ በአፉ አገላብጦ አየውና፣ ሳይጥመው ቀረ መሰለኝ፣ ወደ ሚጢጢው ተመለሰ።

ሲመሽ ከካውያው ውስጥ የተረፈውን ፍም ወደ ምድጃ ይገለብጠዋል። መብራት በሄደ ቀን፣ ያኔ ደግሞ የማይሄድበት ቀን ጥቂት ነበር፣ ኩራዙን የስፌት መኪናው ላይ ያስቀምጥና ልብስ ሲተኩስ እንደሚያደርገው የዝናብ ውሃ በአፉ ይዞ በሚጢጢዎቹ ላይ እፍ ይላል። ግራጫ የነበሩት ሥሮቻቸው ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሲሆኑ፣ ጠብታዎቹም በኩራዙ ብርሃን ሲያብለጨልጩ፣ እኔ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ ተረቱን እጠብቃለሁ። በአያ ደምሴ ተረት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ልብስ ሰፊ አይጠፋም። ጅብ መነኩሴ መስሎ በጎችን ሊያታልል ቆብ ሊያሰፋ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊው እምቢ እንዳይል ፈርቶ ይሰፋለታል፤ ነገር ግን «መዝሙሩ በደንብ ይሰማዎት ብዬ ነው» እያለ ለጆሮዎቹ ቀዳዳ ይተውለታል። እኔ በጆሮዎቹ ላይ እስቃለሁ፤ እሱ እኔ ስስቅ አይቶ ይስቃል። ያ ሳቅ የእኔ ብቻ ነበር።

ከሚጢጢዎቹ ሁሉ ያነሰችው አንዲቱ ግን አብባ አታውቅም። ሌሎቹ ከሽምብራ ዝቅ የሚል ነጭ ወይም ቢጫ አበባ በየወቅቱ ሲያወጡ እሷ ቅጠሏን ብቻ ይዛ ዝም ትላለች። «ይቺ ኩሩ ናት» ይለኝ ነበር አያ ደምሴ። «ያበበች ቀን ቀድመሽ የምታያት አንቺ ነሽ፣ አለሚቱ፤ የኔ ዓይን ደክሟል።» እኔም በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት ሄጄ አያታለሁ።

ትርንጎ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የአያ ደምሴ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጠና ያለች፣ ረጅም፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች። እናቷ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ለአባቷ መለሰቻት። በበሩ ስትገባ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችና «እንደምን ዋሉ?» አለችው። አባቷን እርስዎ ስትል ገረመኝ፤ እኔ አንተ ነበር የምለው። በልቤም ደስ አለኝ። እንግዳ ናት፣ ትሄዳለች አልኩ።

አልሄደችም። በመጀመሪያው ሳምንት ለሌላ ሰው ያስቀመጠውን ሰማያዊ ጨርቅ ቆርጦ ሽንሽን ቀሚስ ሰፋላት። እኔ የምቀመጥበት የጨርቅ ክምር ለሁለት ተከፈለ። ከሁሉ የባሰው ግን ተረቱ ነው። አያ ደምሴ የጅቡን ተረት ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእሷ ያወራ ጀመር፤ ሲያወራም የሚያየው ወደ እሷ ነው፤ እኔም ጫፉን ስለማውቀው «ጆሮው ወጣ!» ብዬ ቀድሜ ጮህኩ።

«ተዪ እንጂ» አለኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እሷ አልሰማችውም።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ተረቱ እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ሽንሽን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ይሄን የመሰለ ነገር ተሰጥቷት የማትስቅ ምን ዓይነት ልጅ ናት እያልኩ አደርኩ።

መስቀል እንዳለፈ አያ ደምሴ ያላበበችውን ኩሯን ከመስኮቱ አውርዶ ትርንጎ በምትተኛበት በጓዳው ትንሽ መስኮት ላይ ሰቀላት፤ ብርዱ እዚያ ይበረታል። «አንቺ ጠብቂያት» አላት። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቁስቋም ማርያም ሄጄ፣ እናቴ ለደብተር የሰጠችኝን ሳንቲም በሻማ ልለውጠው ተሳልኩ፤ ስለቴም እንዳታብብ ነበር።

አያ ደምሴ ደግሞ ኩሯን እዚያ ሰቅሎ ውሃ ነሳት። ሌሎቹን ሲያጠጣ እሷን ዝም ብሎ ያልፋታል፤ ቅጠሏ መጨማደድ ጀመረ። አንድ ምሽት፣ ፍሙ ገና ቀልቶ ሳለ፣ ትርንጎ ጠየቀችው።

«ምነው ይቺን ውሃ የማያጠጧት?»

«ትንሽ ጥም ካላየች አታብብም» አላት አያ ደምሴ፣ መርፌውን እያሾለከ። «ሲደላት ቅጠል ብቻ ነው የምታወጣ። ብርዱንም ጥሙንም ስትቀምስ ነው አበባ የምታስብ።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«እኔስ?» አለች። «እኔም በጥም ነው ያደግሁ። አብቤልሃለሁ?»

አንተ ስትለው ያ የመጀመሪያዋ ነው። መርፌው በጨርቁ መሃል ቀረ። አያ ደምሴ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «መምጣት ነበረብኝ፣ ልጄ። እንፍራንዝ ሩቅ ሆኖ አይደለም» አለ። እሷ ግን ለእሱ አልመለሰችም፤ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ይቺ ተረቱን ሁሉ ሰምታዋለች። ሁሉንም! እኔ ልጁ አንድ ሳልሰማ፣ ለእሷ እያወራህላት ነው ያደገችው። ቀድማ ስትጮህ አልሰማህም? ጫፉን ታውቀዋለች።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። እኔ እንደ ደነገጥኩ ቀረሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚቀናው የጎደለበት ሰው ብቻ፣ የጎደለበትም ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊ ሽንሽን ቀሚስ የተሰፋላት፣ አባት ያላት፣ ኩሯን የተሰጠች ልጅ በእኔ በደባርቋ ስደተኛ ትቀናለች ብሎ ማን ያስባል? ቅናቴ ግን በዚህ አልጠፋም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራት ተጨመረበት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ምሽት ተረት አልነበረም። የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አያ ደምሴ ሥራውን ቀደም ብሎ አቆመና መሬት፣ በጨርቁ ክምር ላይ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። «ዛሬ አንቺ አውሪልን» አላት ትርንጎን። «እኔ እዚያ ሳልኖር የሰማሽውን።»

እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ኩራዙን ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ የጣና ጉማሬ ለአህያ ሰርግ ብሎ ቆዳውን ያዋሰበትን አወራች። አህያው የተዋሰውን ለብሶ ሲጨፍር ወፍሮ ይታያል፤ ሙሽራይቱም ሀብታም መስሏት ትከተለዋለች፤ ጉማሬው እርቃኑን ውሃ ውስጥ ተደብቆ «ሰርጉ አላለቀም ወይ?» እያለ አፍንጫውን ብቻ ያወጣል። በተረቷ ውስጥ ልብስ ሰፊ አልነበረም። አያ ደምሴ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያለ እንደ ሕፃን ጠየቃት፤ እንባው እስኪወርድም ሳቀ። ለእኔ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ተረቱ ከእሱ ተረቶች ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ያም አቃጠለኝ።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ደጅ ድስት ሳጥብ ትርንጎ እጄን ያዘች። «ነይ» አለች በሹክሹክታ። «ለእሱ ገና አልነገርኩትም። ቀድመሽ የምታያት አንቺ ነሽ ብሎሽ ነበር አሉ።» ወደ መስኮቷ ወሰደችኝ። ከቅጠሉ ሥር እንደ ክር የቀጠነች ዘንግ ወጥታ፣ ጫፏ ላይ ነጭ ነገር ተከፍቷል፤ ከኑግ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የአያ ደምሴን መነጽር ሰርቀን አመጣንና ተራ በተራ እያደረግን አየናት፤ ከንፈር ነበራት፣ ኋላዋ ላይ ቀጭን ጅራት ነበራት። ሲጨላልም ደግሞ መሽተት ጀመረች፤ ያን የሚያህል ሽታ ከዚያች ከምታህል ነገር ይወጣል ብዬ አላምንም ነበር። ትርንጎን ስለጠራችኝ ወደድኳት፤ አበባዋ በእሷ ራስጌ ላይ በመሆኗ ደግሞ ጠላኋት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር።

አያ ደምሴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ከዚያ ቀደም እኔ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ በሚባለው ቦታ ቤት ሠርቼ፣ እሷ እንፍራንዝ ተመልሳ፣ ሚጢጢዎቹን ተካፍለን ነበር። የልቅሶው ቀን ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ አንዲት የቁስቋም እናት ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና አንገቴን አቀፉኝ። «አባትሽን ነፍስ ይማር፣ ልጄ» አሉኝ። ከትከሻቸው በላይ የትርንጎን ፊት አየሁት። ያን ፊት ከውስጥ ነው የማውቀው። «እማ፣ ልጁ እሷ ናት» አልኳቸው፤ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የልጅ እናት ሆኜ፣ ያችን አጭር ቃል ለመስጠት ሰሰትኩ።

ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞሩ። ትርንጎ አቀፈቻቸው፤ በአንድ እጇ ግን የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ነበር፣ አልለቀቀችውም።

ከአያ ደምሴ ተረቶች ብዙዎቹ መሃላቸው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ የእነዚያ ምሽቶች ሙቀትና ያ የልጅነት ስስት ነው፤ ትርንጎም እንዲሁ እንደቀራት አውቃለሁ። በቅናት የተጀመረ እህትነት ይጸና እንደሆነ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ቢጠይቀኝ ግን እስካሁን አልተበጠሰም እለዋለሁ።